ስሙን የቀየረው ትምህርት

ዊልሞት ክሮዚየር የአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት ገበሬ ነበር። በ1910ዎቹ አጋማሽ ላይ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) «ፎርድ» የተባለ ትራክተር ገዛ። ስሙን የሰማ ሁሉ የመኪናው ሰው የሄንሪ ፎርድ ሥራ ይመስለዋል። አልነበረም። የሚኒያፖሊስ ነጋዴዎች ፎርድ የሚባል ሰው ፈልገው ድርጅታቸው ውስጥ አስገቡና ስሙን ትራክተራቸው ላይ ለጠፉት። ትራክተሩ ማሳ ላይ ወጥቶ አልሠራ አለ። ክሮዚየር ሌላ ገዛ፣ «ቡል» የሚባል፤ እሱም ከመጀመሪያው ብዙም አልተሻለም። ሦስተኛው «ሩምሊ» ነበር፤ ይኼኛው ሠራለት፣ እንዲያውም ሻጮቹ ከተናገሩለት በላይ።

ክሮዚየር ከዚህ የወሰደው ትምህርት «ሩምሊ ግዙ» የሚል አልነበረም። የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠና በ1919 ሕግ አወጣ። ማንኛውም አዲስ የትራክተር ሞዴል ነብራስካ ውስጥ ከመሸጡ በፊት የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ይፈትነዋል፤ ሻጩ በግዛቱ ውስጥ መለዋወጫ ማቅረብ አለበት፤ ከፈተናው ውጤት የሚጥመውን ብቻ ቆርጦ ማስታወቂያ ሊሠራበት አይችልም። በ1920 የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈው «ዋተርሉ ቦይ» የተባለ ትራክተር ነው። የፈተና ጣቢያው ሊንከን ከተማ ውስጥ ዛሬም ይሠራል።

ሶፍትዌር ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን ታሪክ ቶሎ እንወደዋለን። ሻጭ የፈለገውን ይበል፣ አንድ ገለልተኛ ሰው ያንኑ ሥራ በያንዳንዱ ማሽን ላይ አሠርቶ ቁጥሩን ይጽፋል። ስለ መለዋወጫው አንቀጽ ደግሞ ምን ልበል፤ በወረዳ እርሻ ቢሮ ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለበት ትራክተር ቆሞ ያየ ሰው ሳይገለጽለት ይገባዋል።

ይህን ጣቢያ የሚያስተዳድረው የትምህርት ክፍል ድሮ ስሙ «የእርሻ ምህንድስና» ነበር። ዛሬ «ባዮሎጂካል ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ» ይባላል፤ የሕያዋን ሥርዓት ምህንድስና እንደማለት። ትራክተርን በዘይትና በብረት የሚያውቅ ሰው «ሕያው» የሚለው ቃል ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

እኔ የተማርኩት የዚህን ትምህርት የአገር ቤት ዘመድ ነው። በአንዱ ዩኒቨርሲቲያችን አምስት ዓመት «ባዮሲስተምስ» ተምሬ፣ አሁን የምኖረው የክፍያ መተግበሪያ ላይ ኮድ እየጻፍኩ ነው። ክፍላችን ውስጥ አንደኛ ምርጫው አድርጎ የመጣ ተማሪ በጣት ይቆጠር ነበር፤ ሌላው ሲቪል ወይም ኤሌክትሪካል ሞልቶበት የደረሰው ነው። አክስቴ ስለ ትምህርቴ ስትጠይቀኝ «ታዲያ የምታክሚው ነው ወይስ የምትገነቢው?» ትለኝ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ጥያቄው የዚህን ሙያ የመቶ ዓመት ታሪክ የያዘ መሆኑ የገባኝ ግን ከተመረቅሁ በኋላ፣ ታሪኩን በራሴ ፍላጎት ማንበብ ስጀምር ነው።

መነሻው 1862 ነው። አብርሃም ሊንከን የሞሪልን ሕግ ፈረመ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ግዛት፣ በኮንግረስ ላለው ለያንዳንዱ ተወካይ 30,000 ኤከር የመንግሥት መሬት ሰጠ፤ ግዛቱ መሬቱን ሸጦ «የእርሻና የመካኒክ ጥበባት» የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲያቋቁምበት። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከነባሮቹ ሕዝቦች በግድና በማይረባ ስምምነት የተወሰደ፣ በድምሩ ወደ 11 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ ነው። የገበሬን ልጅ ለማስተማር የወጣ ሕግ የሌላውን ገበሬና አዳኝ መሬት ሸጦ ነው የተጀመረው። ሙያው ገና ሲወለድ «ማሽን» እና «መሬት» እንጂ «መሬቱ ላይ ያለው ማነው?» የሚል ጥያቄ አልነበረበትም።

ሙያው ራሱን ችሎ የቆመው በ1907 ማብቂያ ላይ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ማዲሰን ላይ ጥቂት አስተማሪዎች ተሰብስበው የአሜሪካ የእርሻ መሐንዲሶች ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ብራውንሊ ዴቪድሰን ነብራስካ የተማረ መካኒካል መሐንዲስ ሲሆን አዮዋ ላይ ያስተምር ነበር። ሥራቸው ግልጽ ነበር፦ የእርሻ መሣሪያ፣ የሞተር ጉልበት፣ ጎተራና በረት፣ መስኖና የውሃ ማፋሰሻ። ዕፅዋቱ የአግሮኖሚው ሰው ጉዳይ ነው፤ ከብቱ የሌላ ሰው። መሐንዲሱ ብረቱን ያሳምር።

ብረቱ አማረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የስንዴ ዋጋ ወደላይ ሲተኮስ፣ ለዘመናት በሣር ሥር ተሳስሮ የኖረው የደቡባዊው ሜዳ አፈር በትራክተር ተገለበጠ። ከዚያ በ1930ዎቹ ዝናቡ ቀረ። የሚይዘው ሥር ያጣው አፈር ተነሣ። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 «ጥቁሩ እሑድ» ይባላል፤ ቀኑ በአቧራ ጨለመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ከሠሩት ትራክተሮች መካከል ሊንከን ላይ በደንብ ተፈትነው ያለፉ ነበሩበት። ፈተናው የሚለካው ትራክተሩን ነው፤ መሬቱን አይደለም።

በዚያው ወር መጨረሻ ኮንግረሱ የአፈር ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ መሐንዲሶችም ተዳፋት ላይ ትንንሽ መደቦችን አጥረው የሚታጠበውን አፈር መመዘን ቀጠሉ። ከ10,000 በላይ የመደብ-ዓመት መረጃ ተጠራቅሞ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ላይ ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ ሰዎች በ1965 አንድ ቀመር አሳተሙ። ቀመሩን ያልተማረ የኛ ሙያ ሰው የለም። ስድስት ቁጥር ማባዛት ነው፦ የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ በቀላሉ መሸርሸር፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ ቁልቁለቱ፣ የመሬቱ ሽፋን፣ የጥበቃ ሥራው። ውጤቱ በዓመት ከሄክታር ስንት ቶን አፈር እንደሚሄድ ይነግራል። በፓይተን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ሕያው ነገር ሁሉ፣ ማለትም ሰብሉ፣ ሣሩ፣ ሥሩ፣ ገበሬው የመረጠው የዘር ወቅት፣ ከስድስቱ አንዷ ውስጥ ታጭቆ ነው ያለው፤ «ሽፋን» በምትባለዋ። አንድ ቁጥር ናት። ወደዚህች ቁጥር እመለስባታለሁ።

ስሙ የተቀየረው እንዴት ነው? ሁለት ዓይነት ትረካ አለ። አንደኛው የገበያ ነው። በ1935 አሜሪካ ውስጥ 6.8 ሚሊዮን እርሻ ነበር፤ በ1990ዎቹ ወደ 2 ሚሊዮን ወርዷል። በ1980ዎቹ ገበሬው በዕዳ ተይዞ እርሻው በሐራጅ ሲሸጥ ልጆቹ «እርሻ» የሚል ቃል ያለበት ዲግሪ መሸሽ ጀመሩ። የትምህርት ክፍሎቹ ተማሪ አጡ። «ባዮ» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያን ጊዜ ይሸጥ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ነብራስካና ቨርጂኒያ ቴክ፣ ማኅበሩ የተወለደባት ማዲሰንም ሳትቀር፣ ክፍሎቻቸውን የሕያዋን ሥርዓት ምህንድስና ብለው ሰየሙ። ማኅበሩ ራሱ በ2005 ስሙ ውስጥ «የባዮሎጂ» የሚል ጨመረ።

ሁለተኛው ትረካ የሙያው ነው፤ እኔም የማደላው ወደዚህ ነው፣ የፊተኛውን ሳልክድ። የሚነደፈው ነገር ሕያው መሆኑን አውቆ የሚነድፍ መሐንዲስ የተለየ ሒሳብ ይሠራል። ጎተራን እንውሰድ። ለሲቪል መሐንዲስ ጎተራ ውስጥ ያለ እህል ክብደት ነው፤ ግድግዳው ይቻለው አይቻለው ብሎ ያሰላል። እህል ግን ይተነፍሳል። ኦክስጅን ወስዶ ሙቀት፣ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እርጥብ ሆኖ ከገባ አተነፋፈሱ ይፈጥናል፣ ይሞቃል፤ ሙቀቱ እርጥበቱን ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ይገፋዋል፣ እዚያ ሻጋታ ይጀምራል፣ ሻጋታው ራሱ ይተነፍሳል፣ የበለጠ ይሞቃል። ግድግዳው ሳይሰነጠቅ እህሉ ያልቃል። ትምህርታችን ውስጥ ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ነበር፤ ጭነቱ ራሱ የሚኖር ጭነት መሆኑ።

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ አፉን ሲደፍን የሚያሠራው ይህንኑ ትንፋሽ ነው። እህሉና ነቀዙ አየሩን እየተነፈሱ ይጨርሱታል፣ ጉድጓዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፣ ነቀዙ ይሞታል። ጉድጓዱ እርጥበት ካስገባ ደግሞ ከላይ ያለው ይበላሻል፤ ገበሬውም ያውቀዋል። ይህን በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ብፈልግ አጣሁት፤ «አየር አልባ ማከማቻ» የሚለው ምዕራፍ ግን ነበረ፣ ከፕላስቲክ ከረጢት ሥዕል ጋር።

ሐረርጌን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሞሪል ሕግ ኢትዮጵያ የገባው በዚያ በኩል ነው። የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገረ። ቀጥሎ የአሜሪካው «ፖይንት ፎር» የእርዳታ ፕሮግራም የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ፤ በ1951 ታኅሣሥ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስምምነቱ ግን በ1952 ተፈረመ። ትምህርቱ መጀመሪያ ጅማ ላይ ተጀምሮ በኋላ ወደ ዓለማያ ዞረ። ንጉሡም በ1954 ስቲልዎተር ድረስ ሄደው ኮሌጁን ጎበኙ። የዓለማያው ኮሌጅ ሙሉ ስም «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የእርሻና የመካኒካል ጥበባት ኮሌጅ» ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ሊንከን ከፈረመው ወረቀት ላይ በቀጥታ የተቀዳ ነው። የኦክላሆማ ሰዎች እስከ 1968 ቆዩ።

በደግ ዓይን ካየሁት ትልቅ ሥራ ነው፤ የአገሪቱ የእርሻ ባለሙያ ትውልድ ከዚያ ወጣ። ግን ከሐሳቡ ጋር አብሮ የመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ማሽኑ ለብቻው ይፈተናል የሚለው ልማድ። ለዚህ አርሲን ማየት ነው። በ1967 በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። የተሻለ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር። ምርቱ አደገ፣ ስንዴ አተረፈ። ሲያተርፍ ባለመሬቶቹ ትራክተር አመጡና ጭሰኛውን አስነሡት፤ ትራክተር ያለው ሰው ጭሰኛ ለምን ይፈልጋል? በፈተና ጣቢያ ብትለኩት ትራክተሩ አንድም እንከን የለበትም። የተፈናቀለው ቤተሰብ በየትኛውም ዓምድ ውስጥ አልተመዘገበም። በ1975 የመሬት አዋጁ ጭሰኝነትን እስኪያስቀር ድረስ ነገሩ እንዲህ ቀጠለ።

አሁን ወደዚያች ቁጥር። በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በስዊስ ድጋፍ ተጀመረና ማይባር፣ አንዲት ጢድ፣ አንጀኒና ሌሎችም ላይ የአፈር እጥበት መለካት ተያያዘ። ሃንስ ሁርኒ የተባለው ተመራማሪ በ1985 የእነ ዊሽማየርን ቀመር ለኢትዮጵያ አስተካከለው። የሽፋን ቁጥሩ ለማሽላና ለበቆሎ 0.10፣ ለጤፍ 0.25። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው፤ መሬቱ ደጋግሞ ታርሶ መልፋት አለበት፤ የሚዘራውም ክረምቱ ሲበረታ ነው። ዝናቡ በጣም በሚመታበት ሳምንት መሬቱ ራቁቱን ነው። ስለዚህ በዚያው ተዳፋት፣ በዚያው ዝናብ፣ ጤፍ ከበቆሎ ሁለት እጥፍ ተኩል አፈር ያስሄዳል።

ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር፤ የአንድ ተፋሰስ የአፈር እጥበት በግማሽ እንዲቀንስ ምን ታደርጋላችሁ የሚል። የክፍሉ ግማሽ ያገኘው መልስ ተመሳሳይ ነበር፦ ጤፉን አንሥቶ በቆሎ መዝራት። ሒሳቡ ትክክል ነው። አንድ ከኋላ የተቀመጠ የጎጃም ልጅ «እንጀራውን በምን ልንበላው ነው?» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ አስተማሪው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። እኔ ግን የሙያው ስም ለምን መቀየር እንዳለበት ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። 0.25 ውስጥ ጤፍ አለ፤ ጤፉን የሚዘራው ሰው፣ የገበያ ዋጋው፣ ለከብቱ የሚሆነው ጭድ ግን የሉበትም።

የተሳካም አለ፤ ሁሉን አጥቁሬ አላልፍም። የአገራችን ደጋ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ጥቁር አፈር አለ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። ገበሬው ክረምቱን አሳልፎ መጨረሻ ላይ ይዘራል። ሞረትና ጅሩ ውስጥ እነዋሪ አካባቢ ግን ቤተሰቡ፣ ሴቱም ልጁም ወጥቶ፣ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ሰፋ ያለ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው ቀድሞ ይዘራል። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የዓለም አቀፉ የከብት እርባታ ምርምር ማዕከል መሐንዲሶች ይህን አዩና አዲስ ማሽን ከውጭ አላስመጡም። ሁለት የአገር ማረሻ ወስደው አጣመሩ። ሞፈሩ ያው፣ ቀንበሩ ያው፣ ጠራቢውም የሰፈሩ ሰው። ገበሬዎች ዛሬ «ቢቢኤም» የሚሉት መሣሪያ ይኼ ነው። የመጀመሪያው ለበሬዎቹ ከበደ፤ ገበሬዎቹ ተናገሩ፤ ቀለል ያለ ተሠራ። እዚህ ላይ ሥርዓቱ ውስጥ በሬው አለበት፣ የሚጎትተው ጉልበትም፣ ቀንበሩን የሚያስተካክለው ሰውም። ስሙ ምንም ይሁን፣ የሕያዋን ሥርዓት ምህንድስና ማለት ለእኔ ያ ነው። በነገራችን ላይ፣ በእርሻ መሣሪያ ትምህርታችን ውስጥ የአገር ማረሻ የነበረው ድርሻ አንድ ስላይድ ነው። ድግርና ወገል የሚሉትን ቃላት የተማርኩት ከአያቴ ነው።

ያልተሳካው ትልቁ ግን እዚያው የሞሪል ሕግ ባረፈበት በር ላይ ነው። የዓለማያ ኮሌጅ የተሠራው በሐይቅ አጠገብ ነበር። ሐይቁ ሐረር ከተማን ያጠጣ ነበር፤ ገበሬውም በዙሪያው ያለማ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሐረማያ ሐይቅ ደረቀ፤ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ኮሌጁ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የእርሻ መሐንዲሶችን ያስመርቅ ነበር።

አንድ ጥፋተኛ ብትፈልጉ አታገኙም፤ አስጨናቂውም እሱ ነው። በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች ደለል ይገባል። የሐረር ቧንቧ ይስባል። ጫት በበጋ ዋጋው ይወደዳል፤ በበጋ የሚጠጣ ጫት ያለው ገበሬ ልጁን ያስተምራል፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፤ ስለዚህ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይገዛል። ሞተሩ ጥሩ ሞተር ነው። በስንት ሊትር ነዳጅ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚስብ ብትለኩት ፈተናውን ያልፋል። ጎረቤቱም ይገዛል። በእኔ የአሁኑ ሥራ እንዲህ ያለ አደጋ የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ ትክክል ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲመጣ ሰርቨሩ ይወድቃል። እኛ ግን ገደብ እናስቀምጣለን፤ ከዚህ በላይ ጥያቄ በሰከንድ አይገባም ብለን ሁለት መስመር እንጽፋለን። ሐይቁ ላይ ገደቡን የሚጽፈው ማን ነበር? የውሃ ቢሮው? ቀበሌው? የሞተሩ ነጋዴ? መሐንዲሱ ሞተሩን መርጦ፣ ቱቦውን ለክቶ፣ ፈርሞ ወጥቷል። «ሲስተምስ» የሚለውን ቃል ስሙ ላይ የለጠፈ ሙያ ከዚህ ጥያቄ የሚያመልጥበት መንገድ ያለው አይመስለኝም።

በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ሐይቁን ለማየት አሁን ሰው ይሄዳል፣ ፎቶ ይነሣል። ሐረር ግን ሐይቁን አልጠበቀችም። ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው የከርሰ ምድር ጉድጓድ ማምጣት ነበረባት፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞችም ከዚያው ይጠጣሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ቧንቧው የሚሻገረው የደንገጎ ዳገት ከ2,000 በላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 800 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ የፓምፑን ብክነትና የቧንቧውን ሰበቃ ሳንቆጥር፣ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። በሀያ ሊትር ጀሪካን ሲመነዘር ሃምሳ ጀሪካን ነው። ሐረማያ ሐይቅ ከሐረር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው።